ዲስኩ ላይ አለ፣ ግን አይፈቀድም

ላፕቶፕ ሊገዛ የተነሳ ሰው ስለ ራሙ ጠይቆ፣ ስለ ባትሪው ጠይቆ፣ መጨረሻ ላይ «ሆም ይሁን ፕሮ?» ይላል፤ የዊንዶውሱን ዓይነት፣ ኤዲሽኑን ማለቱ ነው። ሻጩ ሁልጊዜ «ፕሮ ይሻላል» ይለዋል። ለምን እንደሚሻል ሲጠየቅ ግን «ያው፣ ፕሮ ነዋ» ከማለት አያልፍም። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገንና ለትንንሽ ቢሮዎች ኔትወርክ መዘርጋት ስለሆነ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። አጭሩን መልስ ሱቅ ውስጥ ሰምታችኋል፤ ረጅሙን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ አንድ ዊንዶውስ ከሆም ወደ ፕሮ ሲቀየር ምን እንደሚሆን እንይ። ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አክቲቬሽን ገብታችሁ የምርት ቁልፍ መቀየሪያውን ትጫናላችሁ። 25 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ቁልፍ ታስገባላችሁ። ስክሪኑ መቶኛ እየቆጠረ ትንሽ ያቆያችሁና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳል። ሲነሳ ቅድም ያልነበሩ ነገሮች አሉ፦ ዲስክ የሚመሰጥረው ቢትሎከር፣ ከሌላ ቦታ ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ መግባት የሚያስችለው ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ኮምፒውተሩ የሚመራበትን ደንብ የሚያወጣው የግሩፕ ፖሊሲ ኤዲተር፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር (ቨርቹዋል ማሽን) የሚያስነሳው ሃይፐር-ቪ። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ብታደርጉትም ወደ ፕሮ መቀየሩ አይቀርም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ቁልፉ የተገዛ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ታዲያ ቢትሎከር ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም፤ ድሮም እዚያው ዲስኩ ላይ ነበር።

ሆም እንዳለ ሆኖም ምልክቱ ይታያል። የሆም ተጠቃሚ ከራሱ ኮምፒውተር ተነስቶ በሪሞት ዴስክቶፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መግባት ይችላል፤ ሌላው ግን እሱ ጋ መግባት አይችልም። በቢትሎከር የተመሰጠረ ፍላሽ ብትሰጡት ፓስወርዱን አስገብቶ ያነባል፣ ይጽፍበታልም። የራሱን ፍላሽ ልመስጥር ቢል ግን ማዘዣው የለም። የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም መመስጠር አቅቶት አይደለም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ዊንዶውስ ኤንቲ 4.0ን በሁለት ስም አወጣ፤ አንዱ ወርክስቴሽን ሌላው ሰርቨር ይባላል፣ ሰርቨሩ በብዙ መቶ ዶላር ይወደዳል። ጊዜው ዌብሳይት ማስተናገድ ገንዘብ ማምጣት የጀመረበት ነበር፤ ርካሹን ወርክስቴሽን ገዝቶ ዌብ ሰርቨር የሚያደርገው ሰው በዛ። ኩባንያው በሙከራ እትሙ ላይ ወርክስቴሽኑ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ10 በላይ የተለያዩ የኢንተርኔት አድራሻዎችን እንዳያስተናግድ ገደብ አስገባ። ጩኸት ሲበዛ ገደቡን ከፕሮግራሙ አወጣና ፈቃዱ ላይ ብቻ በጽሑፍ ተወው። ሁለቱ ለየቅል የተሠሩ፣ ለየቅል የተስተካከሉ ምርቶች ናቸው የሚለውን ክርክሩን ግን አልተወም።

የዊንዶውስን ውስጥ የሚመረምሩት ማርክ ሩሲኖቪችና አንድሩ ሹልማን ይህን አባባል ሆዱን ቀደው አዩት። ዋናው ፕሮግራም፣ ከርነሉ፣ በሁለቱም ላይ አንድ ሆኖ ተገኘ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የዊንዶውስ ቅንብር በሚመዘገብበት ሬጅስትሪ ውስጥ ያለችውን የምርት ዓይነት አንብቦ «ወርክስቴሽን ነኝ» ወይም «ሰርቨር ነኝ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ስሙ ይሠራል። ሬጅስትሪው ላይ ሁለት ቦታ የቀየረ ሰው ወርክስቴሽኑ ወደ ሰርቨር ይለወጥለታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ግኝታቸው ነው፦ ሥራው ይህችን ምዝገባ መጠበቅ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ሲስተሙ ውስጥ ሳይታይ ይሮጣል። ሰው ከነካካት መልሶ ያስተካክላትና የምርቱን ዓይነት መነካካት የፈቃድ ጥሰት ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የገዛችሁት ኮምፒውተር ውስጥ፣ በእናንተው ራምና ፕሮሰሰር፣ እናንተን የሚጠብቅ ዘበኛ። ሩሲኖቪችን ማይክሮሶፍት በ2006 ከነኩባንያው ገዛው፤ ዛሬ አዙር የሚባለው የማይክሮሶፍት ክላውድ ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ ነው። ሙያተኛ የትም አይጠፋም።

እንዲህ ሳወራ በነገሩ የተናደድኩ እመስላለሁ። በሁሉም አልናደድም። ሶፍትዌር ለመሥራት ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፣ ለማባዛት ግን ምንም አይፈጅም። 500 ሠራተኛ ያለው ድርጅትና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እኩል ይክፈሉ ከተባለ ዋጋው ወይ ተማሪውን ያባርራል፣ ወይ ድርጅቱን በነፃ ይለቀዋል። ስለዚህ ሻጩ አንድ መስመር ይፈልጋል። ድርጅት የግድ የሚፈልገው፣ ተማሪ ግን ባይኖር ትዝ የማይለው ነገር መስመሩ ላይ ይቀመጣል። ዶሜይን ላይ፣ ማለትም የድርጅቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት ኔትወርክ ላይ መግባት እንዲህ ያለ ነገር ነው። ግሩፕ ፖሊሲም እንዲሁ። አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ 40 ኮምፒውተሮችን ከአንድ ቦታ ማዘዝ ለሚፈልግ ሰው ፕሮ ይግዛ ቢባል ፍርዱ ልክ ነው። ደንበኞቼንም እንደዚያ ነው የምመክራቸው፤ ቢሮ ሆኖ ሆም የገዛ ሰው ኋላ ቅር ይለዋል።

ችግሩ መስመሩ ሁልጊዜ እዚያ አለመሆኑ ነው። ዡል ዱፑዊ የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1849 ስለ ባቡር ዋጋ ሲጽፍ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎች ያኔ ጣሪያ አልነበራቸውም። ጣሪያ ውድ ሆኖ አይደለም፤ የሁለተኛውን ማዕረግ መክፈል የሚችለው ሰው ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድ ነው። ድሃውን የሚያበሰብሱት ሀብታሙን ለማስፈራራት ነው ማለት ነው። ኢንቴልም በ1991 ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። 486ዲኤክስ የተባለው ፕሮሰሰር የሒሳብ ክፍል በውስጡ ነበረው። ርካሹ 486ኤስኤክስ መጀመሪያ ላይ ያው ቺፕ ነበር፣ የሒሳብ ክፍሉ እንዳይሠራ ተደርጎ። ኋላ ላይ የሒሳብ ክፍል የፈለገ ደንበኛ 487ኤስኤክስ የሚባል «አጋዥ» ገዝቶ ከጎን ባለው ሶኬት ላይ ይሰካል። አጋዥ የተባለው ግን ሙሉ 486ዲኤክስ ነበር፤ ሲሰካ የመጀመሪያውን ቺፕ ያጠፋውና ሥራውን ሁሉ ብቻውን ይሠራል። ደንበኛው ሁለት ከፍሎ በአንድ ይጠቀማል።

በዊንዶውስ ዓለም ጣሪያ የሌለው ፉርጎ ስታርተር የተባለው ኤዲሽን ነው። ከ2004 ጀምሮ እንደ ታይላንድና ኢንዶኔዥያ ባሉ አገሮች የተሸጠው የኤክስፒ ስታርተር በአንድ ጊዜ ከ3 ፕሮግራም በላይ አይከፍትም ነበር። አራተኛውን ልትከፍቱ ስትሉ አንዱን ዝጉ ይላችኋል። በ2009 የወጣው የዊንዶውስ ሰቨን ስታርተር ይህን የሦስት ገደብ ይዞ ሊመጣ ነበር፤ ከመውጣቱ በፊት ተሰረዘ። ሌላ ገደብ ግን ቀረበት፦ የዴስክቶፕ ባክግራውንድ መቀየር አይቻልም።

ያኔ እነዚያ ባለ 10 ኢንች ትንንሽ ላፕቶፖች አዲስ አበባን አጥለቅልቀዋት ነበር፣ ብዙዎቹም ስታርተር ነበራቸው። አንድ አባት ሚኒ ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው የምረቃ ጋዋን ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ስክሪኑ ላይ እንዳደርግላቸው ነው። ዴስክቶፑ ላይ በቀኝ ስትጫኑ ከታች መምጣት ያለበት «ፐርሰናላይዝ» የሚለው መስመር የለም። ሰማያዊው መደብ ከነዊንዶውስ ምልክቱ ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ፣ ይኼኛው አይፈቅድም» አልኳቸው።

«ፎቶው ውስጡ አለ አይደል እንዴ?»

«አለ።»

«ስክሪኑስ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ማነው የማይፈቅደው?»

ለጥያቄያቸው ጥሩ መልስ አልነበረኝም፣ ዛሬም የለኝም። ያ ገደብ በራሱ የመጣ አይደለም። አንድ ፕሮግራመር ቁጭ ብሎ ጽፎታል፣ ሌላው ፈትኖታል፣ አንድ ስብሰባ ላይ ጸድቋል። ባክግራውንድ መቀየር ከዊንዶውስ 95 በፊት ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ መተው ነበር የሚቀለው። ስታርተርን ከሆም ፕሪሚየም በታች አድርጎ መሥራት ተጨማሪ ድካም ጠይቋል፣ ድካሙም የዋለው አንድ አባት የልጃቸውን ፎቶ እንዳያዩ ነው።

ዊንዶውስ ቪስታን አንስቼ አልቆይበትም። በ2007 ሲወጣ ስድስት ኤዲሽን ነበረው፤ ከሁሉ በላይ የተቀመጠው አልቲሜት አሜሪካ ውስጥ 399 ዶላር ይሸጥ ነበር። ለገዢዎቹ ቃል ከተገባላቸው ልዩ ስጦታዎች መካከል የደረሳቸው የሚንቀሳቀስ ባክግራውንድና የፖከር ጌም ዓይነት ነገር ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ግን አንድ ዲቪዲ ላይ ነበሩ፤ የቱ እንደሚጫን የሚወስነው ቁልፉ ነው። በተቆጣጣሪ ትእዛዝ የተወለደ ኤዲሽንም አለ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 ማይክሮሶፍትን 497 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ ሚዲያ ፕሌየር የሌለበት ዊንዶውስ ለገበያ አቅርብ አለው። ኩባንያው ኤን የሚባለውን ኤዲሽን አወጣና ሙሉውን በሚሸጥበት በዚያው ዋጋ አቀረበው። በተመሳሳይ ዋጋ የጎደለውን ማን ይገዛል? ማንም።

ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። እዚህ የኤዲሽን ጉዳይ በብዛት የሚገጥመን ከውጭ በሚመጣ ላፕቶፕ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ይዞት የሚመጣው ርካሽ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ኤስ ሞድ ላይ ነው፤ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ ያለ ፕሮግራም አያስጭንም። ክሮም ልጫን ብትሉ አይሆንም፣ ፓወር ግዕዝ ልጫን ብትሉ አይሆንም። ባለቤቱ «ከአሜሪካ የተበላሸ ዕቃ ላኩልኝ» ብሎ ያዝናል፣ አንዳንድ ሱቅም ይህን ሐዘን አይቶ ያስከፍላል። መውጫው ግን ነፃ ነው። ስቶር ውስጥ ገብቶ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ፣ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ከወጡ በኋላ መመለስ የለም፣ ልመለስ ያለም አላጋጠመኝም። ስለዚህ ለዚህ ከፍላችሁ ከሆነ የከፈላችሁት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዓረብ አገር የሚመጣው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ሆም ሲንግል ላንጉጅ ይባላል። እህት ሪያድ ሠርታ ለወንድሟ ላፕቶፕ ትልካለች፤ ሲከፈት ሁሉም ነገር በዓረብኛ ነው፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ወንድም ሴቲንግሱን በአዶዎቹ ቅርጽ እየገመተ ቋንቋ መቀየሪያው ጋ ይደርስና እንግሊዝኛ ልጨምር ይላል። ኮምፒውተሩ ፈቃድህ የሚፈቅደው አንድ የማሳያ ቋንቋ ብቻ ነው ብሎ ይመልሰዋል። የአማርኛ ኪቦርድ መጨመር ይችላል፣ በአማርኛ መጻፍም ይችላል፤ ሜኑውን ግን መቀየር አይችልም። ዊንዶውሱን አጥፍቶ ያንኑ ኤዲሽን በእንግሊዝኛ መጫን ነው መፍትሔው። ይህን ለሚያውቅ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ለማያውቅ ግን ግድግዳ ነው። ቋንቋ መቀየርን የንግድ መስመር ያደረገ ሰው ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት አላደገም ብዬ አስባለሁ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ያበሳጫል እንጂ ሰው አይጎዳም። የማልቀበለው መስመር ምስጠራው ላይ የተሰመረውን ነው።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ የዊንዶውስ ፓስወርዷ ጠፍቷት መጣች። የሦስት ድርጅት ሒሳብ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የሰዎች መታወቂያ ኮፒ ሁሉ ውስጡ ነው። ላፕቶፑን ገልብጬ የጀርባውን ብሎኖች ፈታሁ፣ ኤስኤስዲውን አወጣሁና በዩኤስቢ መያዣ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ዶክመንትስ ፎልደሯ ከነሙሉ ስሟ ተከፈተ። ፓስወርድ የጠየቀን ነገር የለም። መጀመሪያ ደስ አላት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ከዚያ ፎልደሮቹን እያየች ቆየችና «ቆይ፣ ሌባም እንዲህ ነዋ የሚያደርገው?» አለች። አዎ፣ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጠይቀው ፓስወርድ ዲስኩን አይጠብቅም። ዲስኩን የሚጠብቀው ምስጠራ ነው፤ የእሷ ላፕቶፕ ደግሞ ሆም ነው።

እዚህ ላይ ለማይክሮሶፍት ፍርድ ላለማጓደል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ሆም ጭራሽ ምስጠራ የለውም ማለት ስህተት ነው። «ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን» የሚባል አለው፤ ውስጡ ያው ቢትሎከር ነው፣ ማስተካከያዎቹ የተነሱለት። ሲነሳ ፒን እንዲጠይቅ ማድረግ አትችሉም፣ ፍላሽ መመስጠርም አትችሉም፣ ግን ዲስኩን ይመሰጥራል። ቅድመ ሁኔታው ነው የሚከብደው። ኮምፒውተሩ ቲፒኤም የሚባለው የደህንነት ቺፕ ሊኖረው ይገባል። በ2024 በወጣው የዊንዶውስ 11 እትም እስኪላላ ድረስ ሌሎች የሃርድዌር መስፈርቶችም ነበሩበት፣ ብዙ አሮጌ ላፕቶፕ አያሟላቸውም። የማይክሮሶፍት አካውንትም ያስፈልጋል፤ በዚያ ካልገባችሁ ዲስኩ ተመስጥሮም ቁልፉ አብሮት ክፍት ይቀመጣል። ከገባችሁ ደግሞ ባለ 48 አሃዝ የማስመለሻ ቁልፉ ወደዚያ አካውንት ይላካል።

የማን አካውንት? ብዙ ጊዜ የሱቁ። ላፕቶፑን «አዘጋጅቶ» የሚሰጠው ልጅ ደንበኛውን ኢሜይል ከመጠየቅ ይልቅ በራሱ፣ ወይም እዚያው በከፈተው ኢሜይል ያልፈዋል። ከዓመት በኋላ ባዮሱ አፕዴት ሲደረግ ወይም ማዘርቦርዱ ሲቀየር ሰማያዊው ስክሪን 48ቱን አሃዝ ይጠይቃል። ደንበኛው ዲስኩ መመስጠሩን እንኳ አያውቅም። ሱቁ ተዘግቷል፣ ወይ ልጁ ሥራ ቀይሯል። በዚህ መንገድ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያጡ ተማሪዎች አይቻለሁ። ፕሮ ላይ ቢሆን ቢትሎከርን ራሳቸው ሲያበሩት ቁልፉን ፋይል ላይ አስቀምጥ ወይም አትም ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። ፕሮ ላይ የደህንነት ዋናው ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ ለባለቤቱ ይነግረዋል።

ዶሜይን የድርጅት ነገር ነው ብያለሁ። ምስጠራ የድርጅት ነገር አይደለም። ታክሲ ውስጥ ላፕቶፕ የሚረሳው ሰው የ500 ሠራተኛ ድርጅት ስለሆነ አይደለም የሚረሳው። አፕል ፋይልቮልት የሚባለውን የዲስክ ምስጠራውን ለእያንዳንዱ ማክ ይሰጣል (ዋጋውን በዕቃው ላይ ይወስዳል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው)። በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚጫነው ኡቡንቱም ሲጫን ዲስኩን ልመስጥር ወይ ብሎ ይጠይቃል። በእኛ አገር ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ በአግባቡ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። የታካሚ ስልክና የምርመራ ውጤት ሆም ላይ ያስቀመጠች ትንሽ ክሊኒክ አዋጁ ይመለከታታል፤ መሣሪያው ግን ከእሷ ኤዲሽን አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል።

አንድ ደረጃው በስቶር ዋጋ 99 ዶላር ነው። ብሩ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ከመንሳፈፉ በፊት ያ 5,600 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ብር ቢኖርም ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ስንት ነው?

ስለዚህ ሰዉ ምን ያደርጋል? ፎርማት ያስደርጋል። «ፕሮ ነው የምጭንልሽ፣ ማዘር» ይላል ልጁ፣ በጥቂት መቶ ብር። አዲስ አበባ ላይ ያለው የኤዲሽን ተዋረድ እንዲህ ተንዷል። ያየኋቸው ላፕቶፖች አብዛኞቹ ፕሮ ናቸው፤ ድሮም በሰቨን ጊዜ ሁሉም አልቲሜት ነበር። በመላው ዓለም ጥቂቱ የሚገዛው ትልቁ ኤዲሽን እዚህ የተራ ሰው ኤዲሽን ሆነ።

የሚጭኑበት መንገድ ግን አስቂኝ ነው። ኬኤምኤስ የሚባለው አሠራር የተፈጠረው ለትልልቅ ድርጅቶች ነው። ድርጅቱ ውስጥ አንድ ሰርቨር ይቀመጣል፣ ኮምፒውተሮቹ እሱን እየጠየቁ ለ180 ቀን ፈቃድ ያድሳሉ፣ ሰርቨሩም ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ካልጠየቁት አይሰጥም። ልጁ ፈቃድ ለማስመሰል የሚጠቀምበት አክቲቬተር የሚባል ፕሮግራም ይህን ሰርቨር ያስመስላል። አንዲት ጉርድ ሾላ ያለች የፎቶ ኮፒ ቤት ላፕቶፕ ለራሷ ትልቅ ኮርፖሬሽን ነኝ ብላ ታምናለች ማለት ነው። አክቲቬተሩ እንዲሠራ ደግሞ ልጁ መጀመሪያ የዊንዶውስን ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ ያጠፋል፣ ብዙ ጊዜም መልሶ አያበራውም። ከዚያ አፕዴቱን ይዘጋል፣ «ዳታ ይበላል፣ ላይሰንሱም ይጠፋል» ብሎ። ደንበኛዋ ይዛው የምትሄደው ቢትሎከር ያለው ግን ያልበራ፣ ግሩፕ ፖሊሲ ያለው ግን ዲፌንደርን ለማጥፋት ብቻ የተነካ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን የሮጠበት ፕሮ ነው። ንጹሕ ሆም ከዚህ ይሻላታል። በሆም ገደብ በእውነት የሚታሰረው ላፕቶፑን ከነዊንዶውሱ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ሳይነካካ የተጠቀመው ሰው ብቻ ነው።

ጥቅምት (ኦክቶበር) 14፣ 2025 እ.ኤ.አ. የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ሲያበቃ ይህ ሁሉ እንደገና ወጣ። ሆምም ፕሮም በአንድ ቀን ነው ያለቁት፤ ለፕሮ የከፈለ ሰው አንድ ቀን አልተጨመረለትም። ግን ዊንዶውስ 10 አልሞተም። ኤልቲኤስሲ 2021 የሚባለው የኢንተርፕራይዝ ኤዲሽን እስከ ጥር 2027፣ ለማሽኖች የሚሸጠው አይኦቲ ኤልቲኤስሲ ደግሞ እስከ ጥር 2032 የደህንነት አፕዴት ይቀጥልለታል። ለተራው ተጠቃሚም ተጨማሪ አንድ ዓመት ተሰጥቷል። ወይ ቅንብሩን በማይክሮሶፍት አካውንት አስቀምጦ በነፃ፣ ወይ በ30 ዶላር ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ ቅንብሩን ሳያስቀምጥ በነፃ። አፕዴቱ በየወሩ እየተሠራ ነው፣ ሬድሞንድ፣ የማይክሮሶፍት ዋና መሥሪያ ቤት ያሉ ሰዎች ደመወዝ እየተከፈላቸው ቀዳዳውን እየደፈኑ ነው። የአንዱ ኮምፒውተር ቀዳዳ ይደፈናል የሌላው ክፍት ይቀራል፤ ልዩነቱ በኤዲሽን ስምና በአገር ነው። ቲፒኤም የሌለው ላፕቶፕ ያለው ደንበኛዬ ለዊንዶውስ 11 አይበቃም፣ አዲስ መግዛትም አይችልም። ይህን ያወቁ ጥገና ቤቶች አይኦቲውን መጫን ጀምረዋል፣ እንደ ልማዳቸው ያለ ፈቃድ። ልቀየማቸው ብሞክርም አልሆነልኝም።

«ሆም ይሁን ፕሮ?» ለሚለኝ ሰው አሁን መልሴ በምን እንደሚሠራበት ይለያያል። ቢሮ ከሆነ ፕሮ። እናቱን ከሩቅ ለመርዳት ሪሞት ዴስክቶፕ እፈልጋለሁ የሚል ከሆነ ሆም ይበቃዋል፣ ክዊክ አሲስት ሆም ላይ አለ። ጌም ለሚጫወት፣ ፊልም ለሚያይ ሆም። ላፕቶፑ አሮጌ ሆኖ ሆም የሚመሰጥርለት ካልሆነ ቬራክሪፕት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ዲስኩን ሙሉ ለሙሉ ይመሰጥራል፣ ስለ ኤዲሽኑም አይጠይቅም። ለሒሳብ ባለሙያዋ እሱን ነው የጫንኩላት። እኔ ፕሮ አለኝ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ስለሚያስፈልገኝ ከፍዬበታለሁ። የባለቤቴ ላፕቶፕ ሆም ነው፤ ዲስኩ በራሷ አካውንት ተመስጥሯል፣ 48ቱ አሃዝ ታትሞ ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አለ፣ እሷም የት እንዳለ ታውቃለች።